ጋቢውን ገልጣችሁ እዩ

ታኅሣሥ ነበር። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ጠዋት ስትነሳ ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው የተበተነ መስሎ ያድራል። የሰባት ወር ልጄን ጉንፋን ከያዘው ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ያስላል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ገላው ያተኩሳል። እናቴ ከመንዝ ያመጣችውን ባና በጋቢው ላይ ደረብንለት። ከሰል አያያዝን። የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቀጠቅን። እኔ በየሰዓቱ ግንባሩን በመዳፌ እዳስሳለሁ። በረድ ሲል ደስ ይለኛል፣ ሲግል እደነግጣለሁ። እንደዚያ አድረን ውለን፣ በሦስተኛው ቀን ጡት እየያዘ ሲለቅብኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን።

ነርሷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ። ስለ ትኩሳቱ መተረክ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። "የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ጋቢውን ግለጪልኝ" አሉ። ገለጥኩ። "ሹራቡንም።" ወደ ላይ ሰበሰብኩት። "ካናቴራውንም።" እናቴ ከኋላዬ "ኧረ ብርድ ይመታዋል!" አለች። "ለአንድ ደቂቃ ነው እትዬ፣ ምንም አይሆንም" አሏት። ሰዓታቸውን ይዘው ዝም አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ "አሁን ደግሞ አንቺ እይ" አሉኝ።

አየሁ። ሆዱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ጎድጎድ እያለ ይገባል። በአንድ ደቂቃ 62 ጊዜ ነበር የተነፈሰው። ሳንባ ምች ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ ሥር የነበረውን ነገር ጋቢው ሸፍኖብኝ ነበር። ሆስፒታል ተላክን፣ ኦክስጅን ተሰጠው፣ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ። ዛሬ እየሮጠ ቤቱን ያተራምሳል። ያቺ አንድ ደቂቃ ግን ከልቤ አልወጣችም። ይህን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች፣ በተለይ ደጋው ላይ ያለነው፣ ልጅ ሲታመም የምንፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ብርድና ትኩሳት። ስለዚህ እንሸፍናለን፣ ግንባር እንዳስሳለን። ልጅን የሚወስደው ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ አይደሉም። ትንፋሽ ማጣትና የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው፤ ቆላው ላይ ደግሞ ወባ። እነዚህ ምልክታቸው ደረት ላይ፣ ዓይን ላይ፣ ጡት አጠባብ ላይ ነው የሚታየው። ግንባር ላይ አይደለም።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 59ኙ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ የሚሞቱት ገና በመጀመሪያው ወራቸው ነው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የአራስ ቤት ነገር ለብቻው የሚታየው ለዚህ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሳልና ትንፋሽ

ጉንፋን የሌለበት ቤት የለም። ልጅ በዓመት ብዙ ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው አያስገርምም። መንስኤው ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ የተዘጋ አፍንጫን ማጽዳት፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ለብ ያለ ነገር ማጠጣት በቂው ነው። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም። ማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ ተህዋሲ የጨቅላን ነርቭ የሚያዝል ከባድ መርዝ አንጀት ውስጥ ሊያመርት ይችላል። ቅቤ ማስዋጥም እንዲሁ ይቅር። ተኝቶ ቅቤ የሚንቆረቆርበት ሕፃን ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ያኔ ጉንፋን የነበረው ሌላ ነገር ይሆናል።

ጉንፋንን ከሳንባ ምች የሚለየው የሳሉ ድምፅ አይደለም፣ የትኩሳቱም ከፍታ አይደለም። ትንፋሹ ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ወይም ተኝቶ እያለ ልብሱን ወደ ላይ ሰብስቡና ሆዱን እዩ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አያስተማምንም፤ ሕፃን አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ነው የሚተነፍሰው። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ያ ልጅ ዛሬውኑ መታየት አለበት። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ አፍንጫው የሚነፋ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የሚያቃስት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን እንኳ አትጠብቁ።

ይህን መቁጠር ዶክተር ብቻ የሚችለው እንዳይመስላችሁ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራቸው በአብዛኛው ማስተማርና መከላከል ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ሳንባ ምችን በጤና ኬላ ደረጃ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአሞክሲሲሊን ክኒን አላቸው። ስለዚህ ምንጃር ወይም መርሐቤቴ ገጠር ያለች እናት መጀመሪያ ደጃፏ ያለችውን ጤና ኬላ ታንኳኳ። ከባድ ከሆነ ከዚያ ወደ ላይ ትላካለች።

ስለ ከሰሉ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ማደር ሰው ይገድላል። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፤ ተኝተህ አትነቃም። ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይጎዳል። የኩበቱ ጭስም ቀላል አይደለም። ጭስ በሞላበት ቤት የሚያድግ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መንዝና ጅሩ ላይ ማገዶው ኩበት ነው፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል፤ "እሳት አታንድዱ" ማለት ቀልድ ነው። ግን እናት ስታበስል ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ለታላቅ እህቱ ወይም ለአያቱ በር አካባቢ ብትሰጠው፣ ጭሱ እስኪወጣ በሩ ገርበብ ቢል ለውጥ አለው። የሳንባ ምች ዋነኛ ተህዋሲን የሚከላከለው ክትባት ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ በነፃ ይሰጣል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። ሦስተኛዋን የሚዘነጋ ብዙ ነው።

ትኩሳት ከጣርማ በር ወዲህና ወዲያ

ትኩሳት በሽታ አይደለም፣ የሰውነት ትግል ነው። በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት እንለዋለን። ልጁ አተኩሶም ቢሆን የሚጫወት፣ የሚጠባ፣ የሚያይህ ከሆነ ጊዜ አለህ። ልብሱን አቅልሉለት። የሚያተኩስ ልጅን መጠቅለል ሙቀቱን ይጨምራል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደቱ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሽሮፑ በስንት ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም እንደያዘ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በሾርባ ማንኪያ መገመት አይሆንም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ዞናችን ግን አንድ የተለየ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈህ ቁልቁለቱን ስትጀምር ጉሙ ከኋላህ ይቀራል። ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ታወልቃለህ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ማንጎ ይዘው ይጠብቁሃል። ወባም አብራ ትጠብቅሃለች። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትራባው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ቀወት፣ አጣዬ፣ የምንጃር ቆላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በደንብ ያውቋታል። በ2016 እና በ2017 ደግሞ ወባ በመላ አገሪቱ በብዙ ዓመታት ባልታየ መጠን አገርሽታለች።

አሁን ይህን አስቡ። የደብረ ብርሃን ልጅ ለመስቀል ሸዋ ሮቢት አያቱ ዘንድ ሄደ። ሳምንት ከርሞ ተመለሰ። ከተመለሰ ከአሥር ቀን በኋላ አተኮሰ፣ ራሱን አመመው፣ አስታወከ። ቤተሰቡ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ሰጠው። ክሊኒክ ሲወሰድም ባለሙያው ደጋ ላይ ነውና ወዲያው ስለ ወባ ላያስብ ይችላል። ወባ ግን ከትንኟ ንክሻ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይታ ነው የምትነሳው። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት እንዲያውም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሳትደርሱ አፋችሁ ላይ ይሁን፤ "ቆላ ሄዶ ነበር፣ በዚህ ቀን ተመልሷል።" ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጅ ታተርፋለች። የጣት ደም ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ከታዘዘ ስድስቱም መጠን በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ የቀረውን "ለሌላ ጊዜ" ብሎ ማስቀመጥ በሽታውን ግማሽ መንገድ ላይ መልቀቅ ነው። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

ትኩሳት ሲጨምር አንዳንድ ልጅ ይንቀጠቀጣል። ለሚያይ ሰው ዓለም ያበቃለት ነው የሚመስለው፤ እናት ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸታል፣ አንዱ ማንኪያ ጥርሱ መሃል ይከታል። ክብሪቱንም ማንኪያውንም ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት እዩ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እስኪያበቃ አትጠብቁ፣ በመንገድ ላይ ሁኑ።

የአራስ ነገር ለብቻው ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰ፣ ወይም በተቃራኒው ገላው ከቀዘቀዘ፣ ጡት ካልጠባ፣ ከፈዘዘ፣ መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ መግል ከያዘ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም። ፓራሲታሞልም ቢሆን። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ላይኖር ይችላል። ብርድ በእውነት የሚያሰጋውም ይኸው ዕድሜ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከባናም ከከሰልም የሚበልጠው የእናቱ ደረት ነው። ልብስ ሳይኖር ገላ ለገላ አድርጎ ከላይ ጋቢ መደረብ።

ተቅማጥና ግግ

ልጅ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ተቅማጥ ይጀምረዋል። በዚያው ሰሞን ድዱ ያብጣል። አያቶቻችን ሁለቱን አገናኝተው "ግግ ነው" አሉ። እውነቱን ለመናገር አስተውሎታቸው ትክክል ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሰሞን ነው የሚመጡት። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ ቀምሷል። ተቅማጡ የመጣው ከዚያ ነው። ድዱን በመርፌ ወይም በስለት መፈልቀቅ ተቅማጡን አያቆምም። ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለውን የጥርስ ቡቃያ ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። እናቶችን መውቀስ አልፈልግም። ልጇ የሚያልቅባት እናት የቀረበላትን ሁሉ ትሞክራለች። የቀረበላት ነገር ግን የተሻለ መሆን ነበረበት።

የተሻለው አለ፤ ርካሽም ነው። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ እና ዚንክ። ኦአርኤሱ ላይ ግን ብዙ ቤት የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። እኔም አይቻለሁ። ሙሉው ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጣል። በጣም ጨዋማ ይሆናል፣ ልጁ ይተፋዋል፣ ከጠጣውም ጨውነቱ ራሱ ይጎዳዋል። ባለ አንድ ሊትሩ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሙሉ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ሊትሩን ለመለካት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው፤ ታጥቦ እስከ አንገቱ ይሞላ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ በዚያው አንድ ሊትር ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ጨው ሲበዛ አደጋ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ጨው ቀንሱ።

ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚሰጠው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፣ በማንኪያ ቀስ እየተባለ። ከዚያ በላይ ለሆነው እጥፉ። ቢያስታውክ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ከዚያም ዝግ ብሎ እንደገና። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም አሥሩን ቀን ይቀጥላል፤ ከስድስት ወር በላይ ላለው በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊግራም ክኒን፣ ከዚያ በታች ላለው ግማሹ። ጡት አይቋረጥ። ምግብ አይከልከል። "ሆዱ ይረፍ" ብሎ ማስራብ የደከመውን ማድከም ነው።

እዚህም መታየት ያለበት ምልክት አለ። ዓይኑ ጎድጉዶ እንደሆነ። እርግብግቢቱ ወርዶ እንደሆነ። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል ወይስ ቀስ ብሎ? ቀስ ካለ ውሃ አልቆበታል። እርግብግቢት ሲወርድ አናቱ ላይ ቅቤ ማድረግ የተለመደ ነው። ቅቤው አናቱን አይጎዳም፣ ግን የጎደለው ውሃ ነው፣ ውሃም የሚገባው በአፍ ነው። ዓይነ ምድሩ ደም ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ወይም መጠጣት እንኳ ካቃተው ሐኪም ቤት።

ፋርማሲ በር ላይ

ከተማው ውስጥ ሌላ ልማድ ገብቷል። ልጁ ሲያስል በቀጥታ ፋርማሲ፤ "የሕፃን አሞክሲሲሊን አለ?" ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ ታላቁ ካለፈው ወር ያስተረፈው ጠርሙስ ይወጣል። የተበጠበጠ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ዕድሜው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ያለው ቢጫ ፈሳሽ መድኃኒት አይደለም። ቫይረስ ለሆነ ጉንፋን ደግሞ አዲሱም አይሠራም። በየጉንፋኑ የወሰደው ልጅ እውነተኛው ሳንባ ምች የመጣ ቀን ተህዋሲው መድኃኒቱን ለምዶት ሊጠብቀው ይችላል። ለዚህም ነው መቁጠሩ የሚጠቅመው። ትንፋሹ 34 የሆነ የሁለት ዓመት ልጅ እናት ገንዘቧን ኪሷ ውስጥ ትመልሳለች። 48 የሆነባት ደግሞ ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች።

ኩፍኝን በአጭሩ። ሳል፣ የቀላ ዓይን፣ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሽፍታ። "ኩፍኝ ሐኪም ቤት አይወድም" ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ለዓይኑ ሲባል ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል፣ ሳንባው ይታያል። ክትባቱ በ9 ወር እና በ15 ወር ነው። ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ታላላቆቻቸውን አንዴ ብቻ ያስከተቡ እናቶች ይረሱታል።

የመጨረሻው ነገር ሰዓት ነው። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በጸጥታው ምክንያት በብዙ ወረዳዎቻችን ማታ መንቀሳቀስ ከባድ ሆኗል። ባጃጅ በጊዜ ይገባል። ከቀበሌ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድም ክፍት መሆኑ የሚታወቀው በዕለቱ ነው። የልጅ ሕመም ደግሞ የሚብሰው ሌሊት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደረቱ መሰርጎዱን ብታዪ የምትሄጂበት የለሽም። ስለዚህ ውሳኔው ቀን መወሰን አለበት። እኛ ቤት አሁን ልጅ ካሳለ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይቆጠራል፤ ባጃጁ ገና እየሠራ፣ ጤና ጣቢያው ገና ክፍት እያለ። እኔ ሹራቡን እሰበስባለሁ፣ ስልኩን እይዛለሁ። ጋቢውን የምትገልጠው እናቴ ናት።